ባለ ሦስት ክፍል የአሉሚኒየም ምርኩዝ፦ ከ50 ዓመት በኋላ ተራራ ለሚወጡ

ዕድሜው የገፋ ሰው ለተራራ ሲዘጋጅ ብዙ ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ጫማውና ስለ ትንፋሹ ነው። ጉልበቱ ትዝ የሚለው ቁልቁለቱ ሲጀምር ነው፤ የጥንድ ምርኩዝ ጥቅምም የሚታየው እዚያው ነው። ጫናው ከጉልበት ላይ በከፊል ወደ ክንድ ይሄዳል፣ እግር ሲያዳልጥም መደገፊያ ይኖራል።

ካሉት ዓይነቶች ለዚህ ሰው የሚበጀው አንዱ ክፍል በሌላው ውስጥ የሚገባ የአሉሚኒየም ምርኩዝ ነው፤ ቆላፊው ግን በጣት የሚከፈት የውጭ ምላስ ያለው ይሁን። ምርኩዝ አምራቾቹ ብላክ ዳይመንድ ፍሊክሎክ፣ ሌኪ ደግሞ ስፒድሎክ የሚሉት ነው። በመጠምዘዝ የሚቆለፈው ዓይነት ውስጡ ያለው የፕላስቲክ ማስፊያ አቧራና እርጥበት ሲገባው ቱቦውን መያዝ ያቅተውና ሙሉ ክብደት ሲያርፍበት ይሰምጣል። ጣቶቹን ቁርጥማት ለያዘው ሰው ደግሞ ጠምዝዞ ማጥበቁ ራሱ ሥራ ነው።

ምላስ ያለውም እንከን አያጣም፤ ብሎኑ እየዋለ እያደረ ይላላል። ከመነሳትዎ በፊት ዘርግተው ይቆልፉትና በሁለት እጅዎ በክብደትዎ ወደ ታች ይጫኑት። ከተንሸራተተ ብሎኑን ሩብ ዙር አጥብቀው ይድገሙ። ምላሱ በአውራ ጣት አልዘጋ ካለ ግን ከልክ በላይ ጠብቋል ማለት ነው፤ በግድ ሲዘጋ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። ትንሽ ካቻቪቴ ከቦርሳ አይጥፋ። ቱቦው ላይ ካለው የመጨረሻ ምልክት አልፈው አይሳቡ፤ መጋጠሚያው ያጥርና እዚያው ላይ ይጎብጣል።

ከካርቦን ፋይበር የሚሠራው ምርኩዝ ክብደቱ ቀላል ነው፣ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ድንጋይ መሐል ተሰክቶ ወደ ጎን ሲገፋ ይሰበራል፤ አሉሚኒየሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጎብጦ ይቀራል፣ በጎበጠ ምርኩዝ ደግሞ ቤት ድረስ ይደረሳል። ታጥፈው ሻንጣ የሚገቡት ጥሩ ናቸው፤ ብዙዎቹ ግን ርዝመታቸው አይቀየርም።

ርዝመቱ መቀየሩ ደግሞ ዋናው ነገር ነው። ሜዳ ላይ ጫፉ መሬት ሲነካ ክርንዎ 90 ዲግሪ ይታጠፍ፤ ቁመቱ 170 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ሰው 115 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ረጅም ዳገት ላይ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ያሳጥሩ፣ ቁልቁለት ላይ ያንኑ ያህል ያስረዝሙ። ካላስረዘሙት ወደ ፊት ያጎነብሳሉ፣ ሚዛንም ይጠፋል።

የእጅ ማሰሪያውን ብዙ ሰው በተሳሳተ መንገድ ይይዘዋል። እጅ ከታች ወደ ላይ በቀለበቱ ያልፍና ማሰሪያውን ከመያዣው ጋር አብሮ ይጨብጣል። ክብደቱ ማሰሪያው ላይ ስለሚያርፍ ጣት ዘና ይላል። ጫፉ ሊሰነቀር በሚችልበት ድንጋያማ ቦታ ግን እጅዎን ያውጡ፤ በማሰሪያው ታስሮ መውደቅ አውራ ጣትንና የእጅ አንጓን ይጎዳል።

ምርኩዝ ጭንን አይተካም። ቁልቁለት ላይ የፊት ጭን ጡንቻ ክብደት ተሸክሞ እየተለጠጠ ይሠራል፤ ወደ ታች ሲወርዱ የሚንቀጠቀጠው፣ በማግሥቱና በሦስተኛው ቀን የሚያመውም እሱ ነው። ስለዚህ ያለ ምርኩዝ፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባለው ደረጃ ላይ በአንድ እግር ይቁሙና የሌላውን ተረከዝ እስከ ሦስት እየቆጠሩ ወለል ያስነኩ። በእያንዳንዱ እግር ከ8 እስከ 10 ጊዜ፣ ሁለት ወይም ሦስት ዙር፣ በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል። ጉልበት ወደ ውስጥ ከዞረ ወይም ከወጋዎት ከፍታውን ይቀንሱ።

በሳምንት አንድ ረጅም ጉዞ ደግሞ በምርኩዙ ያድርጉ፤ ክንድም መልመድ አለበት። ቦርሳውን በውሃ ጠርሙስ ይሙሉት። ከ3 ሊትር ጀምረው በየሳምንቱ አንድ ሊትር ይጨምሩ፣ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው። አናቱ ላይ ሲደርሱ ለመጠጥ የሚበቃዎትን አስቀርተው ቀሪውን ማፍሰስ ይቻላል፤ መውረዱ ላይ ጉልበት ያርፋል። ምርኩዝ ክንድንም ስለሚያሠራ ትንፋሽ ትንሽ ይጨምራል፤ የልብ ወይም የደም ግፊት ችግር ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

ለአስፋልት የጎማ ቆቡን ያድርጉ፤ ጭቃ ላይ ግን ያውልቁት፣ ያንሸራትታል። ቆቡ ቶሎ ስለሚጠፋ ትርፍ ይያዙ። ሲመለሱ ክፍሎቹን ነቅለው ያድርቁ። ዘይት ግን አይቀቡት፤ ቆላፊው መያዝ ያቅተዋል።