ሽሮዬን ላለበሰልኝ ልጅ

ዛሬ የማመሰግነው አንድ ዲዛይነር አለ፣ የሽሮዬን ስቲከር የሠራልኝ። ስሜን አትጥሪ ስላለኝ አልጠራውም፤ ዓይን አፋር ነው። ደብረ ማርቆስ ያላችሁ ሳታውቁት አትቀሩም። ካልሆነም በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ አስፈቅጄው ስልኩን እሰጣችኋለሁ።

እኔ ሽሮና በርበሬ አዘጋጅቼ እሸጣለሁ። በርበሬው ከቡሬ ነው የሚመጣልኝ፣ ሽሮው የእናቴ እጅ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በፌስታል ቋጥሬ ሸጥኩ። ከዚያ እንደ ሰው ስቲከር ይኑረኝ ብዬ አንድ ማተሚያ ቤት ሄድኩና 2,000 አሳተምኩ። ሲመጣ "ሽሮ" የሚለው ቦታ ላይ የእንግሊዝኛ ፊደልና ሳጥን ተደርድሮበታል። "ፋይሉ እንዲህ ሆኖ ነው የመጣው" አሉኝ፤ ገንዘቤም እዚያው ቀረ። ስቲከሩ እስከ ዛሬ አልጋ ሥር አለ።

ወደዚህ ዲዛይነር የወሰደችኝ የአክስቴ ልጅ ናት። ቢሮ መስሎኝ ነበር የገባሁት። ኮምፒውተሩ አንድ ጥግ ይዟል፣ የቀረው ቤት በሙሉ የትርፍ ሰዓት ሥራው ነው። እንጨት ላይ የተወጠረ የፍየል ቆዳ። የመቃ ብዕር። መስኮቱ ሥር የተሰነጣጠቁ የሸክላ ሲኒዎች ("ይሄ አልሆነልኝም" አለ፣ እኔም አላጽናናሁትም)። ስልኩ ደግሞ የጸጉር ቤት ታፔላና የአይሱዙ ጀርባ ጥቅስ ፎቶ ሞልቶበታል። እውነት ለመናገር፣ ይሄስ ሥራ ፈት ነው ብዬ ልወጣ ነበር።

ቡና አፍልቶ አስቀረኝ። ያን ቀን ያሳየኝን ሁሉ ልጽፍ ብል አያልቅም።

ብራና መጻፍ የተማረው ከአንድ መሪጌታ እግር ሥር ቁጭ ብሎ ነው። የቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶቹ ዲማና ደብረ ኤልያስ ባሉበት አገር አስተማሪ አይታጣም። "መጽሐፍ ልጽፍ ብዬ አይደለም እቴ፣ እጄ ፊደሉን እንዲያውቀው ነው" አለኝ። የመቃው አፍ ጠፍጣፋ ተደርጎ ስለሚቆረጥ ቁልቁል ሲሰመር ይወፍራል፣ ወደ ጎን ሲሄድ ይቀጥናል። ፊደላችን ወፍራምና ቀጭን የሆነው ለምን እንደሆነ በዚህ ዕድሜዬ ያን ቀን ገባኝ።

ከተጣለ በረባሶ ሶል ደግሞ ማኅተም ይቀርጻል። የከተማችንን የድሮ ስም፣ መንቆረርን፣ ቀርጾ ፖስት ካርድ ላይ ያትመዋል። ማኅተም ሲቀረጽ ፊደሉ መገልበጥ አለበት። በመጀመሪያው ሥራው "ቆ"ን መገልበጡን ረስቷት ብቻዋን ዞራ ወጥታለች። እኔ የገዛሁት ያንን ነው።

ከሁሉ የወደድኩት ግን ሰፌዱን ነው። ንድፉን በኮምፒውተር አሳምሮ ሠርቶ ለእናቱ ወሰደላቸው። አይተው ሳቁበት። "አንተ ልጅ፣ ይሄ ለምንጣፍ እንጂ ለሰፌድ አይሆንም።" ሰፌድ ከመሀል ተነስቶ እየዞረ ነው የሚሠራው። እያንዳንዱ ዙር ካለፈው ይበልጣል። ስለዚህ መሀል ላይ ሁለት ስፌት የበቃው ቀለም ዳር ሲደርስ ብዙ ይፈልጋል፤ ካልጨመሩለት ንድፉ ይሳሳል፣ መስመሩም ይጣመማል። ልጁ አልተቀየመም። ስንደዶና አክርማውን ተቀብሎ፣ ወስፌ ይዞ ከጎናቸው ተቀመጠ። ሦስት ወር ፈጀበት። ወንድ ልጅ ስፌት ይዞ ሲያዩ ጎረቤቶቹ ያሉትን እዚህ አልጽፈውም። ሰፌዱ ትንሽ ጎብጧል። ሽጥልኝ ብለው እምቢ አለኝ።

ወደ እኔ ሥራ ስንመጣ፣ መጀመሪያ ያደረገው እናቴ ሽሮ ስትቆላ ቤት መጥቶ ማየት ነው። ግማሽ ቀን ተቀመጠ፣ ክኩንም አብሮ ለቀመ። ከዚያ ያመጣው ስቲከር ክብ ነው፤ ዙሪያው የሰፌድ ንድፍ፣ ዳር ሲደርስ እየሰፋ የሚሄድ። መሀሉ ላይ "ሽሮ" በብራና አጣጣል ተጽፏል። ቀለሙ ጥቁርና ቀይ ብቻ። ቢጫም ጨምርበት ብዬው ነበር። "መሪጌታ በሁለት ቀለም ስንት መጽሐፍ ጽፈዋል" ብሎ ዝም አሰኘኝ።

የድሮውን ስቲከሬን ሳሳየው ምክንያቱን ወዲያው አወቀው። የቆዩት የአማርኛ መጻፊያዎች ፊደላችንን በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ያ መጻፊያ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ሲከፍተው ሥሩ ያለው እንግሊዝኛ ብቅ ይላል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ሠንጠረዥ ነው) የገባው እንደ ፈረንጆቹ በ1999 ነው፤ አሮጌውን ያልተዉ ግን ዛሬም አሉ። እሱ ለማተሚያ ቤት ሲሰጥ ጽሑፉን "ከርቭ" አድርጎ ነው። ማለትም ጽሑፍነቱ ቀርቶ ሥዕል ይሆናል፣ የትም ቢከፈት አይበተንም። ማንም ይሥራላችሁ፣ ይህን ሳትጠይቁ ገንዘብ አትክፈሉ።

አሁን አንዲት የባሕር ዳር ደንበኛዬ ስትደውል "ያቺን ሰፌድ ያለባትን ሽሮ ላኪልኝ" ነው የምትለው። እናቴም አንዱን ስቲከር የቡና ረከቦቷ ላይ ለጥፋለች።

ጉድለቱንም ልናገር፣ ኋላ እንዳትወቅሱኝ። ቀጠሮ ላይ ሰነፍ ነው። ስፌት ከያዘ ስልክ አያነሳም። ግማሽ ቀብድ ይቀበላል። ሁለት ሦስቴ ያለ ማጉረምረም ያስተካክልላችኋል፣ አራተኛው ላይ ፊቱ ይለወጣል። ለሠርግ ወይም ለምረቃ ከፈለጋችሁት ቀኑን በሳምንት አሳጥራችሁ ንገሩት። ዋጋው ግን አይጎዳም፤ ለእኔ ከዚያ ከተበላሸው ስቲከር ያነሰ ነው ያስከፈለኝ።

የበርበሬውንም ስቲከር ሰጥቼዋለሁ። ሐሙስ ይደርሳል ብሎኛል። የትኛው ሐሙስ እንደሆነ ግን አልነገረኝም።