ጋላክሲ ኤ55፦ ለመካከለኛ ስልክ ይህ ሁሉ ብር?

ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ እሸጣለሁ። ብዙዎቹ ደንበኞቼ ውጭ አገር ነው ያሉት። ጨርቁን ሳይዳስሱ፣ በቴሌግራም የላክሁላቸውን ፎቶ አይተው ብቻ ያዛሉ። ስልክ ለእኔ የሥራ ዕቃ ነው፤ ዋጋውንም የምመዝነው በዚያ ነው።

የያዝኩት ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ55 ነው፣ ባለ 256 ጊጋ። በፈረንጆቹ 2024 መጋቢት ላይ የወጣ ስልክ ነው። መካከለኛ ይባላል እንጂ ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ፣ ደመወዝተኛ የወር ገቢውን ይዞ የሚገዛው ስልክ አይደለም። ስለዚህ እያንዳንዷ ብር ምን ላይ እንደዋለች መጠየቅ አለብን።

ካሜራውን ልንገራችሁ። ዋናው ባለ 50 ሜጋፒክስል ነው፤ የእጅ መንቀጥቀጥንም ይቀንሳል። ነጭ ሸማ ማንሳት ከባድ ነው። ፀሐይ ላይ ከሆነ ነጩ ያበራና የሽመናው መልክ ይጠፋል። እኔ ቀሚሱን ጥላ ውስጥ እሰቅለዋለሁ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ነጩን ነክቼ ብርሃኑን ትንሽ ዝቅ አደርጋለሁ። ድሩና ማጉ ተለይቶ ይታያል፣ የጥበቡም ቀለም እንዳለ ይወጣል። ደንበኛዬ «ፎቶው ላይ ያየሁት ቀለም ይሄ አይደለም» ካላለችኝ ካሜራው ሥራውን ሠርቷል።

ለቅርብ ፎቶ ተብሎ የተጨመረው ማክሮ ካሜራ ግን 5 ሜጋፒክስል ብቻ ነው። ጥልፍ ለማሳየት ትንሽ ራቅ ብሎ በዋናው ካሜራ ሁለት እጥፍ አቅርቦ ማንሳት በጣም ይሻላል። ከርቀት የሚያቀርብ የራሱ ሌንስም የለውም። በሌላ በኩል ጀርባው ብርጭቆ፣ ዙሪያው አሉሚኒየም ነው። ያምራል፤ ግን ማን ያየዋል? ሁላችንም በገዛን ቀን ካቨር እናለብሰዋለን። ያ ወጪ ሌንሱ ላይ በዋለ ደስ ባለኝ። እንዲህ ያለውን ውበት ከፍለን እንድንገዛ መደረጉ ተገቢ አይመስለኝም።

ባትሪው 5000 ሚሊአምፔር ሰዓት (mAh) ነው። ቀኑን ሙሉ ፎቶ፣ ቴሌግራምና ቴሌብር ላይ ለሚውል ሰው ይበቃል፤ መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። የአምስት ዓመት የደህንነት ማሻሻያ ቃል ተገብቶለታል። ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት ስልክ ስለሆነ ለእኔ ዋጋውን የሚያስከፍለው ይኼኛው ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የኢትዮ ቴሌኮምና የሳፋሪኮም ሲም ካርዶችን አንድ ላይ ካስገባችሁ ለሚሞሪ ካርድ ቦታ የለም። ስለዚህ ባለ 128 ጊጋውን ተዉት።

ሻጮች ያገለገለ ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ23 በተቀራራቢ ዋጋ ያቀርቡላችኋል። ሦስት እጥፍ የሚያቀርብ ሌንስ አለው፣ ፍጥነቱም ይበልጣል። ሠርግና መድረክ የሚያነሳ ሰው እሱን ይውሰድ። ግን ባትሪው ገና ከፋብሪካ ሲወጣ 3900 ነው፤ ሰው ሲጠቀምበት ቆይቶ ደግሞ ይደክማል። የማሻሻያ ጊዜውም ከኤ55 አንድ ዓመት ቀድሞ ያልቃል። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ለሚሸጥ ሰው አልመክርም።

ኤ55ን ስትገዙ ሳጥኑ ውስጥ ገመድ እንጂ ቻርጀር አታገኙም። የመጀመሪያውን ዋጋ አትቀበሉ፤ ቻርጀሩን ጨምሩበት በሉ። ባለ 25 ዋት መሆኑንም እዚያው ሰክታችሁ አረጋግጡ። ስክሪኑ ላይ «Super fast charging» ብሎ መጻፍ አለበት፤ «Fast charging» ብቻ ካለ ቻርጀሩ ከዚያ ያነሰ ነው።