ያገለገለ ሲስኮ ካታሊስት 2960-ኤክስ፦ ሥራ ሳይቆም የገባ ስዊች

ክሊኒካችን ሁለተኛ ፎቅ ሲከፍት በነባሩ ስዊች (ኮምፒውተሮችን በኬብል የሚያገናኘው መሣሪያ) ላይ ለአፕሊንክ (ስዊችን ከስዊች ለማገናኘት) ካስቀረኋት አንዲት ፖርት (የኬብል መሰኪያ) በቀር ባዶ ቦታ አልነበረም። ሥራችን ከጠዋት እስከ ማታ ነው። ካርድ ክፍሉ ታካሚ የሚመዘግበው፣ ላብራቶሪው ውጤት የሚልከው በዚሁ ኔትወርክ ነው። አሞት ወረፋ የያዘ ሰው «ሲስተም የለም» ሊባል አይገባም። ስለዚህ ስዊች ስመርጥ ያሳሰበኝ ፍጥነቱ ሳይሆን፣ የሚሠራውን ሳይነካ መግባት መቻሉ ነበር።

የገዛሁት ያገለገለ ካታሊስት 2960-ኤክስ ነው። 24 የጊጋቢት ፖርትና 4 የኤስኤፍፒ (በአብዛኛው ለፋይበር ኬብል የሚሆን) ቀዳዳ አለው። ስትገዙ የሞዴሉን መጨረሻ እዩ። የእኔ 24ቲኤስ ነው፣ በኔትወርክ ኬብሉ ኤሌክትሪክ አይሰጥም። አይፒ ስልክ ወይም ካሜራ የምትሰኩ ከሆነ 24ፒኤስ ያስፈልጋችኋል።

በጣም የወደድኩት ነገር ዝግጅቱን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ መጨረስ መቻሉን ነው። በኮንሶል ኬብል (ስዊቹን ለማዘዝ ብቻ በሚያገለግለው) ከላፕቶፕ ጋር አገናኘሁት፣ ከኔትወርኩ ግን አላገናኘሁትም። ያገለገለ ስዊች የቀድሞ ባለቤቱን ሴቲንግ ይዞ ይመጣል። ፓስወርድ ካለበት አትደንግጡ፤ ከፊት ያለችውን የሞድ ቁልፍ ተጭኖ ኤሌክትሪኩን መሰካት ነው፣ ከዚያ ማጽዳት ይቻላል። ብዙ ሰው የሚረሳው ግን ኮንፊገሬሽኑ ቢጠፋም የቪላኖቹ (በአንድ ስዊች ላይ ተለያይተው የሚሠሩ ንዑስ ኔትወርኮች) ዝርዝር በሌላ ፋይል ፍላሹ (የስዊቹ ቋሚ ማኅደር) ላይ እንደሚቀር ነው። እሱንም ለብቻው አጥፉ። ቪቲፒውን (ስዊቾች የቪላን ዝርዝር የሚለዋወጡበትን አሠራር) ደግሞ ትራንስፓረንት (የራሱን ዝርዝር የማያሰራጭ፣ የሌላውንም የማይቀበል) አድርጉት። ይህ ካልተደረገ፣ የዶሜይን ስሙ (የቪቲፒ ቡድኑ ስም) ከእናንተ ጋር ከገጠመና የሪቪዥን ቁጥሩ (የዝርዝሩን ለውጦች የሚቆጥረው) ከበለጠ፣ የገባው ስዊች የቢሮውን ቪላን በሙሉ በራሱ ሊተካው ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ስፓኒንግ ትሪ (ኬብሎች ቀለበት ሠርተው ኔትወርኩን እንዳያናጉ የሚጠብቀው አሠራር) ነው። ካልተነካ በስተቀር የሁሉም ስዊች ፕራዮሪቲ (የቅድሚያ ቁጥር፣ ያነሰው ይቀድማል) 32768 ነው። እኩል ሲሆኑ ማክ አድራሻው (የመሣሪያው መለያ ቁጥር) ያነሰው ሩት (የሌሎቹ መንገድ የሚሰላበት ዋና ስዊች) ይሆናል፤ አሮጌ ስዊች ደግሞ ብዙ ጊዜ ማኩ ያነሰ ነው። ማለትም ከገበያ የመጣው እንግዳ የቤቱ አባወራ ሆኖ ሊያርፍ ይችላል። ያኔ መንገዱ እንደገና ይሰላል፤ በድሮው አሠራር ፖርት እስኪከፈት ብቻ 30 ሰከንድ ይሄዳል። እኔ አዲሱ ላይ 61440 ጻፍኩበት፣ ከሚፈቀደው ሁሉ ትልቁን ቁጥር። ለዚህ ነባሩን መንካት አላስፈለገም።

ነባሩን የነካሁት ለሁለተኛው ፎቅ የተከፈተውን ቪላን ለመጨመር ነው። ወደ ራውተሩ በሚሄደው ትራንክ (ብዙ ቪላን የሚያልፍበት መስመር) ላይ ቪላን ሲጨመር ትእዛዙ ውስጥ «አድ» የሚለው የግድ መኖር አለበት። ከተዘለለ የነበሩት ቪላኖች ተሰርዘው አዲሱ ብቻ ይቀራል፣ ቢሮው በሙሉ ይቋረጣል። ኢንተር ከመምታታችሁ በፊት መስመሩን ደግማችሁ አንብቡት።

ከዚያ ስዊቹን ራክ ላይ አስገብቼ፣ ተነስቶ እስኪጨርስ ጠብቄ፣ አንድ የአፕሊንክ ኬብል ብቻ ሰካሁ። በቀኑ መሀል፣ ካርድ ክፍሉ ሰው እያስተናገደ። ፒንጉ (ግንኙነቱ መኖሩን ለማየት የሚላከው ሙከራ) ሳይቋረጥ ቀጠለ። የላይኞቹን ኮምፒውተሮች አንድ በአንድ አስገባን። በጣም ደስ ብሎኛል።

የማይስማማችሁም ይኖራል። ማራገቢያ ስላለው ሰው የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ አይመከርም። ፓወር ሰፕላዩ አንድ ነው፤ መብራት ሲሄድ ጀነሬተር እስኪነሳ ስለሚጠፋ ዩፒኤስ ላይ ይሁን። ሲስኮም ይህን ሞዴል አዲስ መሸጥ አቁሟል፣ ከፋብሪካው ዋስትና አትጠብቁ።

ስለዚህ ሻጩ እዚያው አስነስቶ፣ በኮንሶል ገብቶ ሞዴሉንና ሁሉም ፖርት መሥራቱን ያሳያችሁ። እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።