ፓይዲፒ-11 ከወራት በኋላ፦ ዋጋውን የሚያስመልሰው ስዊቹ ነው

ፓይዲፒ-11 የተባለውን በእጅ የሚገጣጠም ኪት ያስገዛኝ መብራቱ ነው። ወራት ካለፉ በኋላ ግን እጄ የሚሄደው ወደ ስዊቾቹ ነው።

ለማያውቀው ባጭሩ፦ ዴክ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1975 ፒዲፒ-11/70 የተባለ ሚኒ ኮምፒውተር አወጣ። ኪቱ የዚያን ማሽን የፊት ገጽ በ6 ለ10 ልኬት ይሠራልሃል። ከኋላው የሚገባው ራስበሪ ፓይ የተባለ ትንሽ ኮምፒውተር ነው፣ እሱ ላይ ሲምኤች የተባለው ፕሮግራም የድሮውን ማሽን ሆኖ ይሠራል። "ታዲያ ምኑ ነው ፒዲፒ?" የሚሉ አሉ። ይበሉ። ቁም ሳጥን የሚያክለውን ዋናውን ማን ቤቱ ያስገባዋል?

መበየዱ ከባድ አይደለም፣ ያሰለቻል እንጂ። ከ60 በላይ ኤልኢዲ (ትንንሽ መብራት) አለ፣ ሁሉም በአንድ ቁመት ቀጥ ብለው ካልቆሙ ከፊት ሲታዩ ያስጠላሉ። ዳዮዶቹ ኤሌክትሪክ በአንድ በኩል ብቻ ስለሚያሳልፉ አቅጣጫቸውን ደጋግማችሁ እዩ። ስዊቾቹም ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ባሉበት የሚቀሩና ሲለቀቁ የሚመለሱ። ሳትበይዱ በፊት ለዩዋቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ስዊቾቹ በቀለም ሦስት ሦስት ሆነው የተከፈሉት በ8 ስለሚቆጠር ነው፤ ሦስት ስዊች አንድ አሃዝ ይሆናል። አድራሻ 1000 አስተካክለህ ሎድ አድረስን (አድራሻ ማስገቢያውን ስዊች) ትጫናለህ፣ 005200 አድርገህ ዴፕን ታነሳለህ (ዴፕ ቁጥሩን ሚሞሪ ውስጥ የሚያስቀምጠው ስዊች ነው፣ ሳይታሰብ እንዳይነካ ወደ ላይ ነው የሚሠራው)፣ ከዚያ 000776 አድርገህ እንደገና ዴፕ። አድራሻው ራሱ በ2 ይቀጥላል። የመጀመሪያው ትዕዛዝ አር ዜሮ በተባለው የማሽኑ ቁጥር መያዣ ላይ 1 ይደምራል፣ ሁለተኛው ማሽኑን ወደ መጀመሪያው ትዕዛዝ ይመልሰዋል። በቃ፣ ይሄ ሙሉ ፕሮግራም ነው፣ ሃልት በሚባለው ስዊች እስክታቆመው ይቆጥራል። ስለ ማሽን ቋንቋ ብዙ አንብቤያለሁ፣ እንደዚህ የገባኝ ግን በጣቴ ሳስገባው ነው።

ስርዓተ ክወናም በስዊች ነው የሚመረጠው። ዩኒክስ ስሪት 6፣ 2.11ቢኤስዲ፣ አርኤስኤክስ፣ አርቲ-11፣ ሁሉም አሉ። እኔ ብዙ ጊዜ 2.11ቢኤስዲን አስነስቼ እተወዋለሁ፤ ሥራ ሲፈታ መብራቶቹ በተራ ይሽከረከራሉ። እንግዳ የሚደነቀው በዚህ ነው፣ ሌላው አይታየውም።

ቅሬታ አለኝ? አለኝ። አንዱ ስዊች ላልቷል፣ ይሠራል ግን ስሜቱ እንደ ሌሎቹ አይደለም። ፓዩም ሊኑክስ ስለሆነ መብራት ድንገት ሲቋረጥበት ሚሞሪ ካርዱ ሊበላሽ ይችላል። የካርዱን ቅጂ ሌላ ቦታ አስቀምጡ፣ ይሄን አትናቁት።

ሲሙሌሽን የማይጥማችሁ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ዴክ ሃሪስ ከተባለ ኩባንያ ጋር የሠራው ጄ-11 የተባለ ባለ 60 እግር ቺፕ እስካሁን በትርፍ ዕቃ ገበያ ይገኛል፤ እውነተኛ ፒዲፒ-11 ነው። ሚሞሪና ሲሪያል ወደብ ጨምራችሁ ስታገናኙት በውስጡ ያለው ኦዲቲ የተባለ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ተርሚናል ላይ የ@ ምልክት ያወጣል። ሲወጣ ደስ ይላል፣ እውነት ለመናገር ከኪቱም በላይ። ግን መብራትና ስዊች ራሳችሁ ካልሠራችሁለት የለውም። ግዢውም ዕጣ ነው፦ "ተፈትኗል" ተብሎ የተሸጠልኝ አንዱ ከነጭራሹ አልተነሳም፣ ሻጩም ከዚያ ወዲህ ድምፁን አጥፍቷል። ስለዚህ ቺፑን ቦርድ ላይ አትበይዱት፣ ሶኬት አድርጉለት፤ የሚመልስ ሻጭ ካላገኛችሁም ገንዘባችሁን አታውጡ።