ለቤት መኪና ጋንቾ፦ የሚበየደው ይሻላል ወይስ ባለ ብሎኑ?

ከቢቸና ጤፍ፣ ከእንጅባራ ድንች ተጎታች ላይ ጭናችሁ በራሳችሁ መኪና ለማምጣት ካሰባችሁ፣ ተጎታቹ ከመኪናው ኋላ የሚያያዝበት ጋንቾ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እዚያው ጋራዥ ተሠርቶ ይበየዳል። ሌላው ለመኪናችሁ ሞዴል ተብሎ የተሠራ ነው፤ በብሎን ይታሰራል። እኔ ብር አጠራቅማችሁም ቢሆን ባለ ብሎኑን ግዙ ባይ ነኝ።

ብየዳው ርካሽ ነው፣ ቶሎም ያልቃል። ችግሩ ሙቀቱ ነው። ሻንሲው፣ ማለትም መኪናውን የሚሸከመው የታችኛው ብረት፣ በተበየደበት ዙሪያ ጥንካሬው ይቀንሳል፤ ቀለሙም ስለሚቃጠል ዝገት ይገባዋል። ስንጥቅ ሲጀምር ከብየዳው መስመር ጎን ነው፤ ከፓራውልት ሥር ስለሆነ ዓይን አያየውም። ባለ ብሎኑ ፋብሪካው በተዋቸው ቀዳዳዎች ይታሰራል። ሲላላ በቁልፍ ይጠበቃል፣ ሲጎዳ ይቀየራል። ስንት ኪሎ እንደሚችልም ላዩ ላይ ተጽፏል።

ሃይሉክስ ሙሉ ሻንሲ ስላለው ሥራው ይቀላል። ኮሮላና ቪትዝ ግን ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላቸውም፤ የሚሸከመው አካላቸው ራሱ ነው። እነሱ ላይ ብየዳን ጭራሽ አታስቡት። መጀመሪያ ማንዋሉን እዩ፤ መጎተት ካልተፈቀደለት ይቅርባችሁ።

የተጎታቹ መያዣ የሚቀመጥባትን የጋንቾውን ኳስም ለኩ። 50 ሚሊ ሜትርና የአሜሪካው 47.6 ለዓይን አንድ ናቸው። ትንሿ ኳስ በትልቁ መያዣ ውስጥ ከገባች ግን ኮረኮንች ላይ ልትወጣ ትችላለች። ተጎታቹን ከመኪናው ጋር የሚያስረው ሰንሰለት የግድ ነው።

ወደ ተጎታቹ መብራት ሽቦ እንምጣ። ርካሹ መንገድ ከኋላ መብራት ሽቦ ላይ ቀጥሎ በናስትሮ መጠቅለል ነው። ተራ አምፖል ላለው አሮጌ መኪና ይሠራል። በአዲሶቹ ላይ ግን ኮምፒውተሩ የአምፖሉን ጭነት ስለሚከታተል፣ የተጨመረውን እንደ ብልሽት ሊቆጥረው ይችላል። ለእነሱ የራሱ ፊውዝ ያለው፣ ከባትሪ በቀጥታ ኃይል የሚወስድ ሞጁል ይግባላቸው።

የተጎታቹ መብራት በሚሰካበት በተለመደው ባለ 7 ቀዳዳ ሶኬት ነጯ ሽቦ መሬት ናት፤ ከመኪናው ብረት ጋር ትታሰራለች። ኤሌክትሪሺያኑ ቀለም ወይም ዝገት ላይ ካሰራት፣ ፍሬን ሲረገጥ ፍሬቻውና የኋላ መብራቱ ደብዘዝ እያሉ አብረው ይበራሉ። ቀለሙ ተፍቆ ንጹሕ ብረት ላይ ትታሰር፣ ግሪስም ይቀባት። የጎጃም ክረምት ጭቃ እንዲህ ያለችውን ቦታ ፈልጎ ነው የሚገባ። ጋራዡን ሳትለቁ ፍሬን፣ ፍሬቻና የማታ መብራት አንድ ላይ አብሩና ከኋላ ቆማችሁ እዩ።

ይህን ሁሉ የምለው የዓባይ በረሃ ስላለ ነው። ከደጀን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፤ ወደ ጎሐ ጽዮንም እንደዚያው ዳገት። 5 ኩንታል ጤፍ 500 ኪሎ ነው፤ የተጎታቹ የራሱ ክብደት ሲጨመር 700 ሊጠጋ ይችላል። ተጎታቹ ፍሬን ከሌለው ያ ሁሉ የሚያርፈው በመኪናችሁ ፍሬን ላይ ነው። በአውሮፓ ከ750 ኪሎ በላይ የሆነ ተጎታች ፍሬን እንዲኖረው ሕጉ ያስገድዳል። ቁልቁለቱን ከመጀመራችሁ በፊት ከባድ ማርሽ አስገቡ። ጭነቱንም አስተካክሉት፤ ከጠቅላላው ክብደት ከ5 እስከ 10 በመቶው ኳሷ ላይ ይረፍ። የሰው ሚዛን ከተጎታቹ አፍንጫ ሥር ብታደርጉ ቁጥሩን ታገኙታላችሁ። ወደ ኋላ የከበደ ተጎታች ቁልቁለት ላይ ጅራቱን ማወዛወዝ ይጀምራል።

በዓመት አንዴ ሁለቴ ብቻ የምትጭኑ ከሆነ ግን ሁለቱንም ተዉት። በኩንታል ከፍላችሁ በአይሱዙ አስመጡ፤ ለጋንቾው ያሰባችሁትን ብር ለመኪናችሁ ጎማ አውሉት።