ከመቆፈሩ በፊት የሚለካ የውሃ ባለሙያ ለምትፈልጉ ጎንደሬዎች

ይህን የምጽፈው ለማመስገንም ለመጠቆምም ነው። አዘዞ ባለው የእናቴ ቤት ውሃ በማይታይ ቦታ ይፈስ ነበር። ያገኘው አንድ ወጣት የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ነው። አብሮት የሚሠራ ጎልማሳ የቧንቧ ሠራተኛም አለ። የሁለቱም እጅ ይባረክ። ስማቸውን እዚህ ያልጻፍኩት ራሳቸው ስለጠየቁኝ ነው። ሥራ በአንዴ ቢጎርፍብን ጥራታችን ይወርዳል ብለው ይሰጋሉ። እኔ ደግሞ ይህን ሲሉኝ ይበልጥ አመንኳቸው። የሚፈልጋቸው ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አገናኘዋለሁ።

ነገሩን ያስነሳው ሂሳቡ ነው። እናቴ የምትኖረው ከምታግዛት አንዲት ልጅ ጋር ብቻ ነው። ግን የውሃ ሂሳቡ ከወር ወር አበጠ። ታሪፉ ደግሞ በደረጃ ነው፤ ፍጆታው ሲጨምር የአንዱ ሜትር ኩብ ዋጋም አብሮ ይወጣል። ግድግዳ አልረጠበም፣ ግቢው አልጨቀየም። ሮቶው ግን ቀጣዩ ፈረቃ ሳይደርስ ባዶውን ይገኛል። ጎንደር ላይ ውሃ በፈረቃ ለሚጠብቅ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም። የአንገረብ ግድብ ደለል እየሞላው፣ ከተማው በየአቅጣጫው እየሰፋ፣ አንዴ ቤት የገባ ውሃ መሬት ሲበላው አንጀት ያቃጥላል።

መጀመሪያ የመጣው ሌላ ሠራተኛ ነበር። ዞር ዞር ብሎ አየና «የባኞ ቤቱ ሴራሚክ መነሳት አለበት» አለ። ለምን ስለው «ብዙ ጊዜ እዚያ ነው» ከማለት በቀር መልስ አልነበረውም። እናቴ ያንን ሴራሚክ ያስነጠፈችው ከዕቁብ በደረሳት ብር ነው። አይነካም አለች። ከዚያ በኋላ ነው ጎረቤታችን ስለ ኤሌክትሮኒክስ ባለሙያው ልጅ የነገረችን።

የመጀመሪያ ጥያቄው «ፈረቃችሁ መቼ ነው?» የሚል ነበር። ንጋት ላይ ነው አልነው። በጨለማ ተነስቶ መጣ። እናቴ በሩን ስትከፍትለት «እማማ፣ ዛሬ ምንም አልሰብርም። ዛሬ ማየት ብቻ ነው» አላት። «እሰይ የኔ ልጅ» አለችውና ቡና ልታፈላ ገባች።

የሠራውን ልዘርዝረው፤ ማንም ሰው ቤቱ ሊሞክረው ይችላልና። በግቢው ያለውን ቧንቧ ሁሉ ዘጋ። ከዚያ ቆጣሪው ላይ በባትሪ መብራት አበራ። ብዙ ቆጣሪዎች ፊታቸው ላይ ኮከብ የመሰለች ትንሽ መዘውር አለቻቸው። ጥቂት ውሃ ሲያልፍም ትዞራለች። የእኛዋ ቀስ እያለች ትዞር ነበር። ሮቶው ሞልቷል፣ ሰው ውሃ አይጠቀምም፣ መዘውሯ ግን አላቆመችም። ቀጥሎ ወደ ሮቶው የሚገባውን መዝጊያ ዘጋው። መዘውሯ ቀጥ አለች። «እንግዲህ ከቆጣሪ እስከ ሮቶ ያለው መስመር ደህና ነው። ውሃው የሚጠፋው ከሮቶው ወዲህ ነው» አለኝ። ይህን ለማወቅ አንድ ሳንቲም አልወጣም። የቤቱ ግማሽ ከጥርጣሬ ነፃ ወጣ።

አንድ ነገር ግን አስጠነቀቀን። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣው በቱቦው ውስጥ የከረመ አየር ነው፤ አየሩም ቆጣሪውን ያዞረዋል። ስለዚህ ፈረቃው እንደገባ ያለውን ንባብ ማመን ጥሩ አይደለም። ትንሽ ይጠበቃል። ቆጣሪው ላይ ዕቃ እንዲገጥምልን ብጠይቀውም እምቢ አለኝ። ቆጣሪና ማኅተም የውሃ አገልግሎቱ ንብረት ስለሆነ አልነካም አለ። ይህም ተመችቶኛል።

ከዚያ የሮቶው ክዳን ላይ ሴንሰር አሰረ። ሴንሰሩ ድምፅ ወደ ታች ይልካል፣ ድምፁ ውሃው ላይ ነጥሮ ይመለሳል፣ የተመለሰበትን ጊዜ ይለካል። ድምፅ በ20 ዲግሪ አየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚሄድ ከጊዜው ርቀቱ ይሰላል። ከሴንሰሩ ጋር ኢኤስፒ 32 የሚባል ትንሽ ሰሌዳ አለ፤ ቁጥሩን በዋይፋይ ወደ ቤት ይልካል። ሴንሰሩ በጣም ቅርብ የሆነ ውሃ ስለማያይ በአጭር ቱቦ ከክዳኑ ከፍ አድርጎ ነው የገጠመው። ቀትር ላይ ፀሐይ ሮቶውን ስታግለው ንባቡ ይዋዥቃል፣ ምክንያቱም የድምፅ ፍጥነት ከሙቀት ጋር ይለወጣል። ስለዚህ የቀኑን ትቶ የሌሊቱን ነው የሚያምነው። ሌሊት አየሩ ይረጋል፣ ሰውም ይተኛል።

የሮቶው መግቢያ ተዘግቶ አደረ። ጠዋት የሮቶውን የውሃ ከፍታ የሚያሳይ መስመር ስልኩ ላይ አሳየኝ። ማንም ውሃ ባልነካበት ሌሊት መስመሩ ጠፍጣፋ መሆን ነበረበት። የእኛ ግን ቁልቁል ይወርዳል፤ ያለማቋረጥ፣ በእኩል ፍጥነት። በሰዓት አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል። ሮቶው 2000 ሊትር የሚይዝ ነውና አንድ ሳንቲ ሜትሩ 12 ሊትር ገደማ ይሆናል። በቀን ሲባዛ 288 ሊትር፣ ከ14 ጀሪካን በላይ ማለት ነው። በወር ከ8 ሜትር ኩብ ያልፋል። እናቴ ይህን ስትሰማ በሁለት እጇ ራሷን ያዘች።

በሚቀጥለው ሌሊት የባኞ ቤቱን ቧንቧ ዘግቶ አሳደረው። የስልኩ መስመር መውረዱን ቀጠለ። ሴራሚኩ ንጹሕ ነበር ማለት ነው! ቀጥሎ ወደ ማድ ቤቱና ወደ ጓሮ ቧንቧ የሚሄደውን ዘጋ። ያን ጊዜ የስልኩ መስመር ጠፍጣፋ ሆኖ ተኛ። ጥፋቱ የጓሮው መስመር ላይ ነው።

የቀረው ሲሚንቶ ስር የተቀበረው ጋልቫናይዝ፣ ማለትም ዚንክ የተለበጠ የብረት ቧንቧ፣ የቱ ጋ እንደሚያፈስ ማወቅ ነው። እዚህ ላይ ቴክኖሎጂው አበቃና የቧንቧ ሠራተኛው ሙያ ጀመረ። እኚህ ሰው መንደሩ ጸጥ ሲል መጡ። አንድ ፌሮ ብረት ሲሚንቶው ላይ አቁመው ጫፉን እንደ ሐኪም ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ደገፉ። ክንድ ክንድ እየተጠጉ አዳመጡ። ግፊት ያለው ውሃ በቀዳዳ ሲወጣ የሚያሰማው እሽታ በብረቱ ይመጣል። አንድ ቦታ ላይ ቆሙና በከሰል ምልክት አደረጉ። ጠዋት የተቆፈረው ያ ቦታ ብቻ ነው። ጎሚቶው፣ ማለትም የቧንቧው ማጠፊያ፣ ጥርሱ ላይ ዝጎ ተበልቷል። አሮጌ ጋልቫናይዝ የሚሞተው ብዙ ጊዜ እዚያው ጥርስ የወጣበት ቦታ ነው፣ ዚንኩ ስለሚነሳና ብረቱ ስለሚሳሳ። ውሃው ደግሞ በሥር ባለ የድንጋይ ሙሊት ሰርጎ ይሄድ ስለነበር ላይ ላዩን ደርቆ ይታያል።

መስመሩን በፒፒአር ቀየሩት። ፒፒአር በ260 ዲግሪ ሙቀት ተጋግሎ እርስ በርሱ የሚጣበቅ የፕላስቲክ ቧንቧ ነው፤ አይዝግም። ፀሐይ ግን አይወድም። ከመሬት በላይ የወጣውን ክፍል ስለዚህ ሸፍነውታል። ሲሚንቶውንም ራሳቸው መልሰው ለበጡት።

እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ልጁም «ከዚህ በላይ ካልፈለጋችሁ ይብቃ» ብሎናል። እኔ ግን የምኖረው ማራኪ ነው፣ ሥራዬም ቶሎ ቶሎ አያስመጣኝም። ቀሪውን እንዲገጥም የጠየቅኩት እኔ ነኝ።

ሳሎን ውስጥ ራስፕቤሪ ፓይ የሚባል መዳፍ የምታክል ኮምፒውተር አስቀመጠ። በላዩ ላይ የቤቱን ሴንሰሮችና ዕቃዎች የሚቆጣጠር ሆም አሲስታንት የሚባል ፕሮግራም ይሠራል። ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ ነፃና ምንጩ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው። የመረጠበት ምክንያት ሥራው ሁሉ ቤት ውስጥ ስለሚያልቅ ነው። ኢንተርኔት ቢቋረጥ ለእኔ በቴሌግራም የሚመጣው መልእክት ይዘገያል እንጂ ቤቱ ራሱን መጠበቁን አይተውም። ለመብራት መቆራረጡ ትንሽ ዩፒኤስ፣ ማለትም የመጠባበቂያ ባትሪ፣ አለው። እናቴ ዘመናዊ ስልክ ስለማትይዝ ጩኸት የምታሰማ ደወልም ገጠመላት።

ላቫንዲኖው ስር፣ ሽንት ቤቱ ጎንና የውሃ ማሞቂያው አጠገብ ትንንሽ ሴንሰሮች ወለል ላይ ተቀምጠዋል። ከሥራቸው ሁለት የብረት ነጥቦች አሏቸው። ውሃ ሁለቱን ሲያገናኝ ዚግቢ በሚባል አነስተኛ ኃይል በሚበላ ሬዲዮ ምልክት ይልካሉ። የሚሠሩት በእጅ ሰዓት ዓይነት ባትሪ ነው። የድንጋይ ቤት ያላችሁ ይህን ስሙ፦ ወፍራም ግንብ ሬዲዮ ያዳክማል። ሶኬት ላይ የተሰካ የዚግቢ ዕቃ ምልክቱን ተቀብሎ ያሳልፋል፣ በባትሪ የሚሠራው ግን አያሳልፍም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ አሳላፊውም ይጠፋል። ልጁ ይህን ቀድሞ አስቦ መቀበያውን ቤቱ መሃል አደረገው፤ አሳላፊ ሳያስፈልግ ሁሉንም ይሰማል።

የሮቶው መውጫ ላይ በሞተር የሚዘጋ ቫልቭ አለ። ወለል ላይ ውሃ ከተገኘ ራሱ ይዘጋል። ልጁ በእጅም የሚከፈት ዓይነት ካልሆነ አልገጥምም ብሎ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አስጠበቀን። «መብራት ጠፍቶ እማማ ውሃ ቢያጡስ?» ነበር ያለኝ። እናቴን ቆሞ በእጇ አስከፈታት፣ አስዘጋት፣ እንደገና አስከፈታት።

ከሁሉም የወደድኩት ግን የሌሊቱ ደንብ ነው። ደህና ቤት ሌሊት ቢያንስ ለጥቂት ሰዓት ውሃ አይወስድም። ሮቶው ሌሊቱን ሙሉ ሳያርፍ ከወረደ መልእክት ይመጣል። ወለል ላይ ያሉት ሴንሰሮች መሬት ውስጥ የሚፈሰውን አያዩም። ይሄኛው ያየዋል። ከገጠመልን በኋላ አንድ ጠዋት መልእክት ደረሰኝ። የሽንት ቤቱ ታንከር ጎሚኒ (መድፈኛ ላስቲኩ) በደንብ አልገጠመም ነበር። ድምፅ የለው፣ ጠብታ ወለል ላይ የለ፣ ውሃው ዝም ብሎ ወደ ውስጥ ይወርዳል። እናቴ ጋ ደወልኩ፣ ጎሚኒው ተቀየረ፣ በዚያው ቀን አበቃ። ሂሳቡም ወደ ድሮው ተመልሷል።

የይለፍ ቃሎቹን ሁሉ ለእኔ አስረክቧል፣ እሱ ጋ የቀረ የለም። የእያንዳንዱን መዝጊያ ቦታና አጠቃቀም በአማርኛ ደብተር ላይ ጽፎ፣ በሥዕል አድርጎ ለእናቴ ትቶላታል። እንዲህ ያለ ርክክብ ከትልልቅ ድርጅትም አይቼ አላውቅም። እናቴ ስትሸኛቸው «ዕድሜ ከጤና ይስጣችሁ፣ የለፋችሁበትን ይባርክላችሁ» ብላቸዋለች። እኔም አሜን እላለሁ።

ለምትፈልጓቸው። መጀመሪያ የቆጣሪውን ሙከራ ራሳችሁ አድርጉ፤ መዘውሯ ካልዞረች ከሮቶ ወዲህ የሚፈስ ነገር አለመኖሩን ለማረጋገጥ መግቢያውን ዘግታችሁ የሮቶውን የውሃ ከፍታ ማታና ጠዋት ለኩ። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ልጁ ራሱ «ገንዘባችሁን አታውጡ» ይላችኋል። ፍሳሽ መኖሩ ከታወቀ ግን ፈረቃችሁ ስንት ሰዓት እንደሚገባ፣ ሮቶው ስንት ሊትር እንደሚይዝና መዝጊያዎቹ የት እንዳሉ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ። ፍሳሽ ማግኘቱንና ሴንሰር መግጠሙን ለየብቻ ነው የሚያስከፍለው፤ አንዱን ብቻ ማሠራት ይቻላል። ቫልቩና ሴንሰሮቹ ከአዲስ አበባ ስለሚመጡ ጥቂት መጠበቅ ይኖራል።