የሲኬም ፍሎሪሽ፦ የሚያድነው እጥረትና የማያድነው

የአኳሪየም ተክል መገርጣት ሲጀምር ብዙ ሰው ከሱቅ ይዞ የሚመለሰው የአሜሪካው ሲኬም ኩባንያ የሚያመርተውን ፍሎሪሽ የተባለ ፈሳሽ ማዳበሪያ ነው። ጠርሙሱ ላይ ያለው ዝርዝር ከናይትሮጂን እስከ ዚንክ አሥራ አምስት ንጥረ ነገር ይቆጥራል። ይህን አይቶ «ሁሉም አለበት» ብሎ የገዛ ሰው አይፈረድበትም፤ እውነትም ሁሉም አለበት። ነገሩ ያለው መጠኑ ላይ ነው።

መለያው ናይትሮጂን 0.07 በመቶ፣ ፎስፌት 0.01 በመቶ፣ ፖታሽ (ፖታሲየም የሚገለጽበት ስም) 0.37 በመቶ፣ ብረት 0.32 በመቶ ይላል። የሚታዘዘው ለ250 ሊትር ውሃ አንድ ክዳን ማለትም 5 ሚሊ ሊትር፣ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ነው። አንዱን ሚሊ ሊትር አንድ ግራም ብለን ብናሰላው፣ በአንድ ክዳን የሚገባው ብረት በሊትር 0.06 ሚሊ ግራም ገደማ ይሆናል። ለብረት ደህና መጠን ነው። ናይትሮጂኑ ወደ ናይትሬት ተቀይሮ ሲሰላም 0.06 ሚሊ ግራም ገደማ ነው፤ ለናይትሬት ግን ይህ ከምንም አይቆጠርም። ብዙ ተክል የተተከለበት አኳሪየም በሊትር ከ5 እስከ 20 ሚሊ ግራም ናይትሬት ይፈልጋል።

እንበልና የ100 ሊትር አኳሪየም ናይትሬት በሊትር በ10 ሚሊ ግራም ከፍ ይበል ተባለ። በፍሎሪሽ ብቻ ከተሞከረ 320 ሚሊ ሊትር ያህል ይፈጃል፤ 250 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ጠርሙስ እስከ ጠብታው ቢንጠፈጠፍ እንኳ አይበቃም። አብሮ የሚገባው ብረት ደግሞ በሊትር 10 ሚሊ ግራም ይደርሳል። ያንኑ ሥራ 1.6 ግራም ፖታሲየም ናይትሬት ይሠራዋል፤ የሻይ ማንኪያ ሲሶ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ፍሎሪሽ ጥቃቅን ንጥረ ነገሮችን የሚሞላ ማዳበሪያ ነው፤ በዚህ ሚዛን ሲለካ ጎበዝ ነው። «ሙሉ ምግብ» ብሎ የገዛው ግን ይከስራል፤ ቅጠሉ ቢጫ በሆነ ቁጥር ክዳኑን እጥፍ እያደረገ ጠርሙስ ይጨርሳል፣ ቅጠሉም እንደገረጣ ይቀራል።

ከመግዛት በፊት የሚጠየቀው፣ የታመመው የትኛው ቅጠል ነው የሚለው ነው። የበቆሎ ገበሬ ይህን ያውቀዋል፤ የታችኛው ቅጠል ከጫፉ ቢጫ እየሆነ ወደ ውስጥ ሲገባ ዩሪያ እንደጎደለ ይገባዋል። ናይትሮጂን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ማግኒዥየም በተክሉ ውስጥ ይዘዋወራሉ፤ ሲጎድሉ ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል ነጥቆ ለአዲሱ ያጎርሳል። ብረት፣ ካልሲየምና ቦሮን ግን አንዴ ከገቡበት ቅጠል በቀላሉ አይወጡም፤ ስለዚህ እጥረታቸው የሚታየው ጫፍ ላይ ባለው ቀንበጥ ነው። ፍሎሪሽ የሚያድነው ይህን ሁለተኛውን ወገን ነው፣ ያውም ካልሲየም ሲቀር።

የብረት እጥረት መልኩ አያሳስትም። ሮታላ ወይም ሉድዊጂያ የተባለውን ባለ ግንድ ተክል ጫፍ ቆርጠው ወደ ብርሃን ይያዙት። የለጋው ቅጠል ገላ ወደ ነጭ ያደላ ቢጫ ሆኖ ጅማቶቹ ብቻ አረንጓዴ መረብ ከሠሩ፣ ከሥሩ ያሉት ቅጠሎች ደግሞ ደህና ከሆኑ፣ ብረት ነው የጎደለው። እዚህ ላይ ፍሎሪሽ በትክክል ይሠራል፤ ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ አዲስ የሚወጣው ቅጠል ቀለም ይይዛል። ያው ሥዕል በአሮጌው ቅጠል ላይ ከታየ ግን ማግኒዥየም ነው። ሁለቱን ማምታታት በጣም የተለመደ ነው።

አንድ እንከን አለው። ብረቱ የታሰረው በግሉኮኔት ነው፤ ይህ ብረቱን በውሃ ውስጥ ሟሙቶ የሚይዝ ውህድ ነው፤ ተክሉ ቶሎ ይወስደዋል፣ ካልተወሰደ ግን ቶሎ ይበላሻል። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ከ7 በላይ በሆነ ውሃ ኦክስጅን ሲያገኘው ዝቃጭ ይሆናል። ስለዚህ የሳምንቱን መጠን በአንድ ቀን ከመጨመር በሦስት ወይም በአራት ቀን ከፋፍሎ መስጠት ይሻላል። ውሃው ጠንካራ (ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበት)፣ ፒኤቹም 7.5 አካባቢ ከሆነ ዲቲፒኤ በተባለ ሌላ ውህድ የታሰረ ብረት ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል።

አለካኩ ላይ ደግሞ የክዳኑ ጥርሶች እያንዳንዳቸው 1 ሚሊ ሊትር ገደማ ተደርገው ነው የተሠሩት። ለ40 ሊትር የሚያስፈልገው 0.8 ሚሊ ሊትር ስለሆነ በክዳን መለካት ግምት ነው የሚሆነው። ከፋርማሲ የሚገዛ ትንሽ ሲሪንጅ ያለ መርፌው ይበቃል። ሽሪምፕ የሚያረቡ ሰዎች መለያው ላይ መዳብ ሲያዩ ይደነግጣሉ፤ በታዘዘው መጠን በሊትር የሚገባው 0.00002 ሚሊ ግራም ነው፣ አያስፈራም። «ክሎሪን 1.15 በመቶ» የሚለውም የቧንቧው ክሎሪን ሳይሆን በገበታ ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ነው።

ፍሎሪሽ ከማያድናቸው ውስጥ በብዛት የሚያጋጥመው ፖታሲየም ነው። የዓሣ ምግብና ኩስ ናይትሮጂንና ፎስፈረስ ይሰጣል እንጂ ፖታሲየም ብዙም አይሰጥም። ሲጎድል በአሮጌው ቅጠል ላይ በመርፌ ጫፍ የተወጋ የሚመስል ነጥብ ይወጣል፤ ዙሪያው ቢጫ ቀለበት ይሠራል፣ ከዚያ መካከሉ ይበሰብስና ቀዳዳ ይሆናል። ሃይግሮፊላ በተባለው ተክል ላይ ጎልቶ ይታያል። ቀንድ አውጣ የበላው ቀዳዳ ግን ጠርዙ ጥርት ያለ ነው፣ ዙሪያውም አረንጓዴ። ጃቫ ፈርን ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ከቅጠሉ ጀርባ ተሰልፈው የሚታዩት ቡናማ እብጠቶች የስፖር (የመራቢያ ብናኝ) ከረጢቶች ናቸው እንጂ በሽታ አይደሉም፤ በእነሱ ምክንያት ማዳበሪያ የሚያበዛ ሰው ጤነኛ ተክል እያከመ ነው። ለትክክለኛው የፖታሲየም እጥረት የዚያው ኩባንያ ፍሎሪሽ ፖታሲየም 5 ሚሊ ሊትሩ ለ125 ሊትር በሊትር 2 ሚሊ ግራም ይጨምራል። በዱቄት መልክ የሚሸጥ ፖታሲየም ሰልፌት ከተገኘ 1 ግራሙ ለ100 ሊትር በሊትር 4.5 ሚሊ ግራም ይሰጣል፤ ከወጪ አንጻር ዱቄቱ ይመረጣል።

ፎስፌት ሲያንስ ምልክቱ ከቅጠሉ ይልቅ መስታወቱ ላይ ይቀድማል፤ በጣት የማይለቅ፣ በምላጭ የሚፋቅ ጠንካራ አረንጓዴ ነጠብጣብ አልጌ ነው። የአኑቢያስ ቅጠልም ይሸፈናል። ለ100 ሊትር 0.1 ግራም ሞኖፖታሲየም ፎስፌት በሊትር 0.7 ሚሊ ግራም ይሰጣል።

ማግኒዥየምና ካልሲየም የውሃው ጉዳይ ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ እንኳ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣውና ከለገዳዲ ግድብ የሚመጣው ውሃ አንድ ስላልሆነ ጓደኛ ቤት የሠራው መጠን እዚህ ላይሠራ ይችላል። የጥንካሬ መመርመሪያ ይግዙና የራስዎን ቧንቧ ይለኩ። ለማግኒዥየም መዓዛ ያልተጨመረበት ኤፕሰም ጨው 1 ግራሙ ለ100 ሊትር በሊትር 1 ሚሊ ግራም ገደማ ይጨምራል። ለጋው ቅጠል ተጣሞ፣ ጫፉ እንደ መንጠቆ ታጥፎ ከወጣ ወደ ካልሲየም ይጠርጥሩ።

ናይትሮጂን ጎድሏል ከማለት በፊት ግን መለካት ያስፈልጋል፤ መሳሳት የሚበዛውም እዚሁ ነው። ኤፒአይ የተባለው ኩባንያ የናይትሬት መመርመሪያ ሁለት ጠርሙስ አለው። በ5 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ ከአንደኛው 10 ጠብታ ይጨመራል። ሁለተኛው ሳይከፈት ለ30 ሰከንድ በኃይል መናጥ አለበት፤ ከዚያ 10 ጠብታ፣ ቱቦውን 1 ደቂቃ መናጥ፣ 5 ደቂቃ መጠበቅ። የሁለተኛው ጠርሙስ ንጥረ ነገር ከታች ስለሚረጋ ሳይናጥ ከተንጠባጠበ ውጤቱ ቢጫ፣ ማለትም ዜሮ፣ ሆኖ ይወጣል። በዚህ ሐሰተኛ ዜሮ ተመርቶ ናይትሬት የሚጨምር ሰው በሊትር 40 ሚሊ ግራም ባለበት ላይ ሌላ ይደርብበታል። ታዋቂው የዚህ ኩባንያ የጨው አልባ ውሃ መመርመሪያ ሳጥን ፎስፌትም ሆነ ብረት አይለካም፤ ፖታሲየምማ ጭራሽ የለበትም። ለእነዚህ ቅጠል ማንበብ ግድ ነው።

ዱቄት ጨው ፍለጋ ሲወጣ ደግሞ የእርሻ ማዳበሪያ ቅርብ ሆኖ ያታልላል። ዳፕ፣ ኤንፒኤስም ሆነ ዩሪያ ገንዳ ውስጥ አይገቡም። አሞኒየም ይዘው ይመጣሉ ወይም ፈርሰው አሞኒያ ይሆናሉ፤ ዓሣውን ይገድላሉ፣ ውሃውን በአልጌ ያለመልማሉ። ፖታሲየም ናይትሬት ለባሩድም ስለሚውል በብዙ አገር ሽያጩ ቁጥጥር አለበት፤ ካልተገኘ የተዘጋጀ የናይትሮጂን ፈሳሽ መግዛት ነው።

እጥረት መስሎ እጥረት ያልሆነም አለ። አዲስ የተተከለ ክሪፕቶኮሪን ቅጠሉ በጥቂት ቀን ውስጥ እንደ ጄሊ ሟሙቶ ሊያልቅ ይችላል፤ ሥሩን ካልነቀሉት መልሶ ያበቅላል። ከውሃ ውጭ ያደገ ተክልም የድሮ ቅጠሉን ይጥላል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያንስ ደግሞ ግንዱ ይቀጥናል፣ አዲሱ ቅጠል ያንሳል፣ ጠርዙ ላይ ጢም የመሰለ ጥቁር አልጌ ይበቅላል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች የአየር ግፊቷ ከባሕር ጠለል በሩብ ገደማ ያንሳል፤ ከአየር ወደ ውሃ የሚገባው ጋዝም እንደዚያው። ጋዝ ያልተገጠመለት ገንዳ ላይ ኃይለኛ መብራት ሰቅሎ ማዳበሪያ ከመጨመር መብራቱን በቀን ወደ 6 ሰዓት ማውረድ ይቀላል።

እንግዲህ ለማን ይሁን? ዓሣ የበዛበት፣ መብራቱ መለስተኛ የሆነ፣ አኑቢያስ፣ ጃቫ ፈርንና ክሪፕቶኮሪን ያለበት ገንዳ በፍሎሪሽና በትንሽ ፖታሲየም ይኖራል። ጋዝ የሚነፋበት፣ መብራቱ የጠነከረ፣ ዓሣው ጥቂት የሆነ ገንዳ ግን በፍሎሪሽ ብቻ ይራባል፤ ናይትሬትና ፎስፌት ለብቻ ያስፈልጉታል። አንዱን ንጥረ ነገር ከቀየሩ በኋላ ሁለት ሳምንት ሌላ አይንኩ፣ የሚመዘነውም አዲሱ ቅጠል ይሁን። የተበሳ ቅጠል አይደፈንም፤ ቆርጦ መጣል ነው።

በመጨረሻ ሲገዙ ስሙን እስከ ጫፉ ያንብቡ። እዚያው መደርደሪያ ላይ የሚቆመው ፍሎሪሽ ኤክሰል ማዳበሪያ አይደለም፤ የግሉታራልዴሃይድ ዘመድ የሆነ የካርቦን ምንጭ ነው። ቫሊስኔሪያ የተባለውን ተክል ያቀልጣል፣ ዓይንና ቆዳም ያቃጥላል።